የቋራው ልጅ መድረክ አገኘ፤ ቋራስ?

ቴአትር የት ይገኛል ተብሎ ቢጠየቅ ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፡፡ «አዲስ አበባ» ይላሉ፡፡ ጥቂት አሰብ የሚያደርግ ቢገኝ፣ «በጎንደርም በባሕር ዳርም አዳራሽ አለ» ብሎ ይጨምራል፡፡ ከጎንደር ተነሥቶ፣ አዘዞን አልፎ፣ በጭልጋ ቁልቁል ወርዶ፣ ነጋዴ ባሕርንና ገንዳ ውሃን ተሻግሮ እስከ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰውን መንገድ የሚያስብ ግን አይገኝም፡፡ ያ መንገድ ሲወሳ በሐሳባችን የሚመጣው ሙቀቱ፣ ወባው፣ ሰሊጡና የድንበሩ ጉዳይ ነው፡፡

እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስንነሣ ሐሳባችን ከዚህ የራቀ አልነበረም፡፡ ከመካከላችን የቆላው ተወላጆች የሆኑ አሉ፤ ሌሎቻችንም በዕረፍት ጊዜ ወርደን አይተነዋል፡፡ በተመላለስንበት ሁሉ ለቴአትር ተብሎ የተሠራ ቤት አላጋጠመንም፡፡ «እንግዲያውስ ስለ ሌለ ነገር ምን ይጻፋል?» ያለን ጓደኛ ነበር፡፡ ነገሩን ስንመረምረው ግን የሚያስገርም ሁኔታ ሆኖ አገኘነው፡፡ የኢትዮጵያ ቴአትር ደጋግሞ ከሚያነሣቸው ጀግኖች ግንባር ቀደሙ የዚህ ቆላ ልጅ ነው፡፡ ከነገሥታቶቻችን መካከል በጦር ሜዳ ቆስሎ የሞተው የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥትም የወደቀው በዚህ ቆላ ነው፡፡ ይህ አገር ለመድረክ ታሪኩን ሰጠ፤ መድረክ ግን አላገኘም፡፡ ይህ ለምን እንደ ሆነና ምን ሊደረግ እንደሚቻል አቅማችን በፈቀደ መጠን ለአንባብያን ለማስረዳት እንሞክራለን፡፡

ሀ. ካሣ ኃይሉ በመድረክ ላይ

እንደሚታወቀው በአገራችን በዘመናዊ መልክ ተጽፎ የታየው የመጀመሪያው ቴአትር የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው፡፡ ደራሲው በመስኮብ አገር የተማሩ ሰው ነበሩ፡፡ አራዊትን እያናገሩ የመኳንንቱን ምግባር ስለ ነቀፉ ቴአትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፡፡ እንግዲህ የኢትዮጵያ ቴአትር ገና ሲወለድ እገዳ አጋጠመው ማለት ነው፤ ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ ኋላ እንመለስበታለን፡፡

ከዚያ በኋላ እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው በትምህርት ቤቶች ቴአትር አሳዩ፡፡ በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፡፡ በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ፡፡ በዚህ መካከል የፋቡላው ደራሲ ልጅ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ብዕር አንሥተው በ1942 ዓ.ም. ገደማ «ቴዎድሮስ» የተባለውን ታሪካዊ ድራማ ጻፉ፡፡ አባት በአራዊት ስም የዘመኑን ሰዎች ገሠጹ፤ ልጅ የቋራውን ሰው ወደ መድረክ አወጡ፡፡ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴዎድሮስን በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ ከአብዮቱ በኋላም በአማርኛ ለመድረክ በቃ፡፡ በ2010 ዓ.ም. ያረፈው ተዋናይ ፍቃዱ ተክለ ማርያም በሕዝብ ዘንድ ከሚታወስባቸው ሥራዎቹ አንዱ የቴዎድሮስ ገጸ ባሕርይ ነው፡፡

ደራስያን በካሣ ኃይሉ ላይ ይህን ያህል የተረባረቡት ስለ ምን ነው? መልሱ በታሪኩ አወቃቀር ውስጥ ይገኛል፡፡ ጀግናው ከታች ይነሣል፤ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡታል፡፡ ያደገበት ገዳም ሲመታ ሞትን በዓይኑ ያያል፡፡ ይሸፍታል፤ ያሸንፋል፤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ይነግሣል፡፡ ያነገሠው ቍጣውና ፍጥነቱ ነው፤ ኋላ ደግሞ ወዳጅና ጠላት ሳይለይ ሕዝቡን ያስመረረበት ያው ቍጣውና ያው ፍጥነቱ ነው፡፡ በመጨረሻም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በገዛ እጁ ይሞታል፡፡ ሰው በውጭ ጠላት ብቻ ሲወድቅ ያሳዝናል፤ ከፍ ያደረገው ጠባይ ራሱ ሲጥለው ግን ተመልካች ከማዘንም አልፎ ስለ ራሱ ያስባል፡፡ መሪር ቴአትር ወይም ትራጀዲ የሚባለው ይህ ነው፡፡

ይሁን እንጂ አንድ የጐደለ ነገር አለ፡፡ ቋራ በብዙዎቻችን አእምሮ የፉከራ ማሳመሪያ ስም ሆና ቀርታለች፡፡ «የቋራው አንበሳ» እንላለን እንጂ ቋራ ምን ዓይነት አገር እንደ ሆነች አንጠይቅም፡፡ ነገር ግን ካሣን ካሣ ያደረገው ቆላው ነው፡፡ በ1840 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ዘልቆ በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ፡፡ ተሸነፈ፡፡ ጀግንነት ብቻውን በመድፍና በሥርዓት ከተሰለፈ ወታደር ፊት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ያየው በዚያ ነው፡፡ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን እጅ መድፍ እስከ ማሠራት ያደረሰው ምኞት ከዚያ ሽንፈት ጋር የተያያዘ መሆኑን የታሪክ ሰዎች ያስረዳሉ፡፡ ድንበሩ ለካሣ ትምህርት ቤቱ ነበር፡፡ ይህን በመድረክ ሊያሳይ የሚችል የቆላውን ነፋስና የቆላውን አነጋገር የሚያውቅ ሰው ነው፡፡

ለ. መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.

ሁለተኛው ታሪክ የመተማ ነው፡፡ መተማ በ19ኛው መቶ ዓመት ታላቅ የገበያ ስፍራ ነበረች፡፡ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር መጥተው የሰፈሩ ተክሩሮች፣ ከሱዳን የሚመጡ ዐረቦች፣ ከደጋ የሚወርዱ የጎንደር ነጋዴዎች ይገናኙባት ነበር፡፡ ቡናና ሰም፣ ጥጥና ፈረስ፣ ለኀፍረታችንም ሰው ይሸጥባት ነበር፡፡

መሐዲስቶች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፡፡ በዓመቱ አጼ ዮሐንስ ጦራቸውን ይዘው ወደ መተማ ወረዱ፡፡ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የደርቡሾቹን እሾሃማ አጥር ጥሶ ገባ፤ ድሉም የተጨበጠ መሰለ፡፡ በዚያች ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፡፡ ወሬው በሠራዊቱ ውስጥ ሲዳረስ ያሸነፈው ጦር እንደ ተሸነፈ ሆኖ ተመለሰ፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ በማግሥቱ ዐረፉ፡፡ አስከሬናቸውን ይዞ የሚያፈገፍገው ጓድ ተደርሶበት፣ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ፡፡ ከተማይቱ ዛሬም በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች፡፡

አንባቢ ይህን እንደ ቴአትር ይመልከተው፡፡ አንዲት ጥይት ድልን ወደ ሽንፈት ስትለውጥ፣ ሺህ ሰው በአንድ ሰው መውደቅ ልቡ ሲከዳው፣ ከዚህ የበለጠ የመድረክ ቅጽበት ከወዴት ይገኛል? ሆኖም ይህ ታሪክ የቴዎድሮስን ያህል የመድረክ ዕድል አላገኘም፡፡ ምናልባት ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ቴዎድሮስ የወደቁት ከሩቅ ከመጣና ተመልሶ ከሄደ ጠላት ጋር ነው፤ ዮሐንስ የወደቁት ግን ከጎረቤት ጋር ነው፡፡ ጎረቤት አይሄድም፡፡ ገላባት ከመተማ ዮሐንስ ፊት ለፊት ናት፤ በመካከላቸው ያለችው አንዲት ጠባብ ወንዝ ብቻ ናት፡፡ ስለ ጎረቤት ቴአትር የሚሠራ ሰው ጎረቤቱንም እንደ ሰው አድርጎ ማናገር ግዴታው ነው፡፡ ይህም ከባድ ነው፤ ነገር ግን እውነተኛው ቴአትር የሚጀምረው ከዚህ ነው፡፡

ሐ. መድረክ ባይኖርም ትርኢት አለ

«ቆላው ቴአትር የለውም» ብለናል፡፡ «ትርኢት የለውም» ግን አላልንም፡፡ እነዚህ ሁለቱ ሊለዩ ይገባል፡፡

በሰሊጥ አጨዳ ወራት፣ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ ብዙ ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል፡፡ ሠራተኛው ባለበት ገንዘብ አለ፤ ገንዘብ ባለበት አዝማሪ አለ፡፡ በጎንደር አጠገብ ያለችው የቡርቧክስ መንደር በአዝማሪዎቿ የታወቀች ናት፤ የአዝማሪ ወገን እርስ በርሱ የሚግባባበት የራሱ ቋንቋ እንኳ አለው፡፡ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በጠባብ ቤት ውስጥ ሲዞር ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ታላቅ ጥበብ ይታየዋል፡፡ እንግዳው ከየት እንደ መጣ ከአነጋገሩ ያውቃል፡፡ የአገሩን ወንዝና የአገሩን ታቦት እየጠራ ልቡን ይነካዋል፡፡ እንግዳውም «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ፣ አሳምሮ፣ አንዳንዴም ትርጉሙን ወደ ሰጪው አዙሮ ይመልስለታል፡፡ በዚህ ጊዜ ተዋናይና ተመልካች አይለዩም፡፡ የአውሮፓ ቴአትር ሰዎች ተመልካችን ከወንበሩ ለማስነሣት ስንት መጽሐፍ ጽፈዋል! በቆላው ጠጅ ቤት ማንም ሳያስተምረው ሲሠራ ይኖራል፡፡

ሁለተኛው የለቅሶ ሥርዓት ነው፡፡ የታወቀ ሰው ሲሞት ፈረሱ ይሳባል፤ ጠመንጃው፣ ካባውና ጋሻው በሰው እጅ ሆኖ ይዞራል፤ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፡፡ ሟቹ የለም፤ ነገር ግን በዕቃዎቹና በቃል ኃይል ለጥቂት ሰዓት ቆሞ ይታያል፡፡ የቴአትር ቤት ሠራተኛ «የመድረክ ቍሳቍስ» የሚለው ነገር ከዚህ በላይ ሲሠራ ያየነው የለም፡፡

ሦስተኛው የድሮው ሙግት ነው፡፡ «ተጠየቅ» እየተባባሉ፣ ነጠላ አደግድገው፣ በትር ይዘው፣ በማር ወይም በፈረስ እየተወራረዱ፣ በዳኛ ፊት በምሳሌና በግጥም የሚከራከሩት አባቶቻችን ሕግን በትርኢት ያካሂዱ ነበር፡፡ ሕዝቡም ዙሪያውን ቆሞ ይሰማል፤ ክርክሩ ያማረለትን ያደንቃል፡፡ ከዚህ ላይ ፉከራውና ቀረርቶው፣ የክርስቲያኑ ወረብና የእስላሙ መንዙማ፣ በመተማና በቋራ የሚኖሩት የጉሙዝ ወገኖቻችን ጭፈራ፣ ከገላባት ወዲህ የሚሻገረው የሱዳን ዘፈን ሲጨመር ትርኢቱ ምን ያህል እንደ ሰፋ ይታያል፡፡ የእኛና የሱዳን ዜማ በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ በመሆኑ ጆሮ አይቸገርም፤ የሰይድ ኸሊፋና የመሐመድ ወርዲ ዘፈን በአገራችን የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡

እንግዲያውስ ይህ ሁሉ ካለ ቴአትር ለምን ያስፈልጋል? ይህ ጥያቄ በመካከላችን ብዙ አከራክሮናል፡፡ የደረስንበት እንዲህ ነው፡፡

አንደኛ፣ ፎካሪው የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ ተሟጋቹም እንዲሁ፡፡ ተዋናይ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፡፡ ደገኛው ቆለኛ፣ ባለጠጋው ሠራተኛ፣ ክርስቲያኑ እስላም ሆኖ ለአንድ ሰዓት ይናገራል፡፡ ሌላውን ለመሆን ሌላውን ማዳመጥ ግድ ነው፡፡ በዓለም ላይ ይህን የሚያስገድድ ሥራ ብዙ የለም፡፡

ሁለተኛ፣ አዝማሪ ቤት የሁሉም አይደለም፡፡ የሚሠራው በሌሊት ነው፤ የሚገባው ገንዘብ ያለው ወንድ ነው፡፡ እናቶች፣ ልጆች፣ መጠጥ የማይቀምሱ እስላሞች ከውጭ ይቀራሉ፡፡

ሦስተኛውና ዋናው፣ አዝማሪ የሚያወድሰው የሚሸልመውን ነው፡፡ በሰምና ወርቅ ቢወጋም እንኳ እንጀራው በግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ብር ነው፡፡ ሊሰማው የሚከፍል ሰው የሌለው እውነት፣ ለምሳሌ ሙሉ ወር አጭዶ ደመወዙን ያልተቀበለው ሠራተኛ ነገር፣ በዚያ ቤት አይዘፈንም፡፡ ማንም ያልከፈለበትን እውነት የሚናገር ስፍራ ያስፈልጋል፡፡

መ. ኪነት ያስተማረን

ቆላው ከዚህ በፊት መድረክ አላየም ቢባል ስሕተት ይሆናል፡፡ በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ፣ በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር፡፡ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድኖች ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል፡፡ ከእነዚህ ቡድኖች ብዙ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች ወጥተዋል፡፡ የገጠር ልጅ በመድረክ ላይ ቆሞ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፊት የሰፈሩን ጭፈራ ሲያሳይና ሲጨበጨብለት፣ አዝማሪን ይንቅ የነበረው ኅብረተሰብ ለጥበብ ያለውን አመለካከት ጥቂት ለወጠ፡፡ ሴት ልጅ ተዋናይ መሆንዋ እንግዳ የሆነበት ዘመን እንደ ነበረ አንርሳ፡፡ አስናቀች ወርቁ በመድረክ ላይ እስክትወጣ ድረስ የሴቷን ቦታ የሚጫወተው ወንድ ነበር፡፡ ኪነት ይህን በር ከፈት አድርጎታል፡፡

ጕድለቱን ደግሞ እንናገር፡፡ ኪነት መንግሥት ያቋቋመው ነበርና መንግሥትን አወደሰ፡፡ ለዘመቻ ሲፈለግ የዘመቻ ዘፈን ዘፈነ፤ ለመዋጮ ሲፈለግ የመዋጮ ቴአትር ሠራ፡፡ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ከቡድኖቹ ብዙዎቹ ተበተኑ፡፡ አዝማሪው ለባለገንዘብ፣ ኪነቱ ለባለሥልጣን፣ እንዲህ እያለ ሄደ፡፡ ፋቡላን ያገደው እጅና ኪነትን ያቋቋመው እጅ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም መድረክ ምን እንደሚል አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል፡፡

ሠ. እኛ የሠራነው ስሕተት

ሌላውን ስንነቅፍ ራሳችንን መደበቅ አይገባንም፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመካከላችን የሆኑ ተማሪዎች በዕረፍት ወቅት አንድ አጭር ቴአትር ይዘን ወደ አንዲት የቆላ ከተማ ወርደን ነበር፡፡ ርእሱ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ ስለሚነጕደው ወጣት ነበር፡፡ ርእሱ ጥሩ ነበር፡፡ ጽሑፉ ግን የተጻፈው በመኝታ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነው፡፡ ደላላው እንደ መጽሐፍ ይናገራል፤ እናቲቱ እንደ ሬዲዮ ታለቅሳለች፡፡ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ያለ ማጉያ ተጫወትነው፡፡ ነፋሱ ቃላችንን ወሰደው፡፡ ሰዉ እኛ ያለቅሳል ባልንበት ሳቀ፤ ቀስ በቀስም ወደ ጥላ ጥላው ሄደ፡፡

በመካከል ሰዉን እንዲያቆይልን አንድ አዝማሪ ለምነን ነበር፡፡ እርሱም ቆሞ የጀመርነውን ታሪክ ተቀበለን፡፡ የልጁን መሄድ፣ የእናቱን በር ላይ መቆም፣ የደላላውን ጣፋጭ ቃል በሩብ ሰዓት ውስጥ በግጥም አወረደው፡፡ ሰዉ ከጥላው ተመለሰ፡፡ አንዲት እናት ተነሥተው ከእርሱ ጋር ሙሾ አወረዱ፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አላየንም፡፡ ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ ወደ እኛ መጥተው፣ «ልጆቼ፣ ነገራችሁ መልካም ነበር፤ ግን ለማን ነው የምትነግሩን? ሱዳን የሄደው እኮ የእኛ ልጅ ነው» አሉን፡፡ ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ቃል ከጆሯችን አልጠፋም፡፡ እኛ ልናስተምር ሄደን ነበር፤ የሚያውቁትን ሳንጠይቅ፡፡

ረ. ቤት ሳይሠራ መድረክ ይቆማል

«ገንዘብ የለም፣ አዳራሽ የለም» የሚለው ምክንያት በሌሎች አገሮች ታሪክ ሲመዘን ብዙ ክብደት የለውም፡፡ በናይጄሪያ ሁበርት ኦጉንዴ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ቡድኑን ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ፣ በዮሩባ ቋንቋ፣ በዘፈንና በጭፈራ የተሞላ ቴአትር እያሳየ በተመልካች ክፍያ ኖሯል፡፡

ከዚህም የሚበልጠው የኬንያው የካሚሪቱ ምሳሌ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1977 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ ከካሚሪቱ መንደር ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ጋር ሆነው በኪኩዩ ቋንቋ ቴአትር አዘጋጁ፡፡ መድረኩን መንደርተኛው ራሱ ጣራ በሌለው ሜዳ ላይ ሠራው፡፡ ልምምዱ በአደባባይ ስለ ነበረ ማንም ሰው እያለፈ ያርም ነበር፤ «ሠራተኛ እንዲህ አይናገርም» ሲባሉ ደራስያኑ ቃሉን ይለውጡ ነበር፡፡ ቴአትሩ ለጥቂት ሳምንታት ከታየ በኋላ ታገደ፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም ለአንድ ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታሰረ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ መድረኩ ራሱ ፈረሰ፡፡ ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፡፡ የሚፈርስ መድረክ የሚሰማ መድረክ መሆኑን ለማመልከት ነው፡፡

ሰ. ዛሬስ?

አንባቢ «ይህ ጊዜ የቴአትር ጊዜ ነውን?» ብሎ ቢጠይቀን አንቈጣም፡፡ የምዕራብ ጎንደር ቆላ በቅርብ ዓመታት ብዙ አይቷል፡፡ በ2010ና በ2011 ዓ.ም. አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ደም ተቃብተዋል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ሰው ተፈናቅሏል፡፡ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በር እጅግ ብዙ ሰው ገባ፤ ስደተኞችም በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ፡፡ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በራሳችን ክልል ጦርነት ተነሣ፤ መንገድም ተዘጋ፤ ሰውም ለራሱ መስጋት ጀመረ፡፡ በእንዲህ ያለ አገር የታጠቀ ሰው ሕዝብ ሲሰበሰብ አይወድም፤ ቴአትር ደግሞ ሕዝብ ሳይሰበሰብ አይሆንም፡፡

ይሁን እንጂ አንድ ነገር እናስተውል፡፡ በቆላው ለቅሶ አልቆመም፡፡ ሰው ለለቅሶ ይሰበሰባል፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ሙሾ ይሰማል፡፡ በደም የተቃቡ ወገኖች አንዱ የሌላውን ለቅሶ እንደ ራሱ አድርጎ የሚሰማበት ስፍራ ግን የላቸውም፡፡ ሽምግልና ካሣውን ይወስናል፤ መንግሥት መግለጫ ያወጣል፤ የሟቹን እናት ድምፅ በገዳዩ ወገን ጆሮ የሚያሰማ ማን ነው? ከላይ ተዋናይ ሌላውን ሰው ይሆናል ያልነው በከንቱ አልነበረም፡፡ ሌላውን መሆን በከተማ መዝናኛ ነው፤ በመተማ ግን የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፡፡

ስለዚህ ምን እናድርግ? ከአቅማችን በላይ የሆነ ነገር አንመኝም፡፡ የሚከተለውን ለጓደኞቻችን እናሳስባለን፡፡

አንደኛ፣ ከቆላው የመጣን ተማሪዎች በሰላሙ ጊዜ ወደ ቤታችን ስንመለስ ከጽሑፍ በፊት እንስማ፡፡ የአያቶቻችንን ሙግት፣ የእናቶቻችንን ሙሾ፣ የጉሙዝ፣ የቅማንትና የአማራ ሽማግሌዎችን ትረካ በማስታወሻ እንያዝ፤ የተናጋሪውንም ፈቃድ እንጠይቅ፡፡

ሁለተኛ፣ ቴአትር ስናዘጋጅ አዝማሪን እንደ መሙያ አንጥራው፡፡ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮን ይሥራ፤ ከእርሱ የምንማረው ከምናስተምረው ይበልጣል፡፡

ሦስተኛ፣ ትርኢቱ በቀን፣ በገበያ ቀን፣ በዋርካ ጥላ ሥር፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይሁን፡፡ እናቶችና ልጆች እንዲያዩት፣ ነጋዴውም ጉዳዩን ፈጽሞ ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው፡፡ በአማርኛ ብቻም አይሁን፤ ጉሙዝኛው በጉሙዝኛ፣ ከሱዳን የመጣው በዐረብኛ ይናገርበት፡፡

አራተኛ፣ ከአንድ ባለጠጋም ሆነ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሙሉ ወጪ አንቀበል፡፡ እያንዳንዱ ተመልካች የሚያዋጣት ጥቂት ሳንቲም ትበቃለች፤ ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ሲከፍል መድረኩ የማንም አይሆንም፤ የሁሉም ይሆናል፡፡

አጼ ዮሐንስ በመተማ የወደቁበት ቀን በየዓመቱ መጋቢት ላይ ይመጣል፡፡ የእርሳቸው ራስ በተወሰደባት በኦምዱርማን ዛሬ ሱዳኖች ብሔራዊ ቴአትር አላቸው፤ እነርሱም በገዛ ጦርነታቸው ተቃጥለዋል፡፡ ሰላም ሲሆን፣ በአንድ የመጋቢት ቀን፣ በመተማና በገላባት መካከል ባለችው ጠባብ ወንዝ ዳር፣ የኛ ልጅ የሱዳኑን፣ የሱዳኑ ልጅ የኛን ሰው ሆኖ ሲጫወት ማየት ምኞታችን ነው፡፡ እስከዚያው ግን የቋራ ልጆች ሆይ፣ ካሣን ለአዲስ አበባ መድረክ ብቻ አንተውላት፡፡ ያደገበት ነፋስ ከእኛ ዘንድ ነው፡፡